የሥራ ኦፈር (የቅጥር ግብዣ ደብዳቤ) የፈረመ ሰው ሥራ እስኪጀምር ድረስ እንዴት ይያዛል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ የሚለቅ ሰው ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ እናንት ቀጣሪዎች፣ ዛሬ ኦፈር የፈረመላችሁ ሰው ቢሯችሁ የሚገባው ከወር በኋላ ነው። በዚህ መሀል የአሁኑ አለቃው «ልጨምርልህ» ይለዋል። ሌላ መሥሪያ ቤት ይደውልለታል። እናቱ «የያዝከውን አትልቀቅ» ትለዋለች። ከእናንተ ግን ድምፅ የለም። የመግቢያው ቀን ሲደርስ ስልኩ አይነሳም፤ «የዘንድሮ ልጅ ቃል የለውም» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ያስጠፋው ራሱ ቀጣሪው ነው።

1. እጅ ላይ የሚገባውን ብር ንገሩት

ያልተጣራውን ደመወዝ ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። መሠረታዊ ደመወዙን፣ የትራንስፖርት አበሉን፣ የሥራ ግብሩን፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውን፣ በመጨረሻም የተጣራውን በየመስመሩ አስቀምጡለት። ቤቱ ገብቶ ሲያሰላው ካነሰበት ቅሬታውን አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ይቀራል።

2. የመግቢያ ቀኑን አብራችሁ ወስኑ

የባንኮቻችን የበጀት ዓመት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ ቦነስ የሚታሰበውም ከዚያ በኋላ ነው። የባንክ ሠራተኛን «ሰኔ 1 ግባ» ማለት የዓመት ልፋትህን ጥለህ ና እንደማለት ነው። ወይ ጠብቁት፣ ወይ ስለ ማካካሻው ተነጋገሩ።

ስለ ብድርም ጠይቁ። ለሠራተኛ በሚሰጥ ዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር የወሰደ ሰው ሲለቅ ወለዱ ሊጨምርበት ይችላል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳም ሊኖርበት ይችላል። ሳትጠይቁት አያነሳውም፤ ሲከብደው ግን ይቀራል።

3. ዋስ የምትፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ

በእኔ እይታ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የጤና ምርመራና የጣት አሻራ በገንዘብና በሰልፍ ያልቃል። ዋስ ግን ሰው መለመን ነው። ደመወዙ የሚበቃ፣ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ለሌላ ሰው ያልፈረመ ዘመድ ከየት ይመጣል? የመግቢያው ሳምንት ላይ «ዋስ አምጣ» የተባለ ሰው ማፈሩን አይነግራችሁም። የዋሱ ደመወዝ ስንት መሆን እንዳለበት፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል በጽሑፍ ስጡት። ዋስ የማያስፈልገው የሥራ መደብ ከሆነ ደግሞ ከልማድ አትጠይቁ።

4. አለቃው የሚለውን ቀድማችሁ አንሱ

«መልቀቂያ ስታስገባ ምን የሚሉህ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይጨምሩልኛል» ካለ፣ «ብሩ ቢስተካከል ትቀራለህ?» በሉት። ለመልቀቅ ያነሳሳው ብር ብቻ ከሆነ ያኔውኑ ታውቁታላችሁ። የድሮ መሥሪያ ቤቱን ግን አታንቋሽሹበት፤ ነገ ስለ እናንተም እንዲሁ የሚባል ይመስለዋል።

ሌላው ፍርሃት ሙከራ ነው። ቋሚ ሥራ ጥሎ እስከ 60 የሥራ ቀን ለሚደርስ የሙከራ ጊዜ መግባት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በምን እንደሚመዘን፣ ማን እንደሚመዝነው ንገሩት።

5. በየሳምንቱ ይደወልለት

የሚደውለው እናንተ ዘንድ የቅርብ አለቃው የሚሆነው ሰው ቢሆን ይመረጣል። አበባ ላይ የተጻፈ «መልካም ሰኞ» በቴሌግራም መላክ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ቡድን ውስጥ ነው የሚሠሩት። ክሊራንሱ የት ደረሰ? የሆነ ቢሮ ላይ ከቆመብዎት ይንገሩኝ፤ መግቢያ ቀኑን እናሸጋሽጋለን።»

ክሊራንስ ማለት የሚለቅ ሰው የመሥሪያ ቤቱ ንብረትም ዕዳም እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው፤ ከስቶር ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ አይቲ ፊርማ ለቀማ ነው። አንድ ፈራሚ ፊልድ ከወጣ ሳምንት ይሄዳል። ሳይጨርስ ገብቶ ወረቀቱን በኋላ ማምጣት ከቻለ ይህንንም በግልጽ ንገሩት።

6. ሁለተኛውን ሰው ቶሎ አትሸኙት

በውድድሩ ሁለተኛ የወጣውን «ሌላ ሰው መርጠናል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ግን ተጠባባቂ ነህ» በሉት። ቀኑን ቁረጡለት እንጂ አታንጠልጥሉት።

7. ዋዜማው ላይ

ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የትኛው በር፣ ማንን እንደሚጠይቅ፣ የትኛውን መታወቂያ እንደሚይዝ ላኩለት። ስሙን ለጥበቃ አስመዝግቡ፤ የሚቀመጥበት ወንበርና ኮምፒውተርም ያን ቀን ይዘጋጅ።