ክሊሩ ተበላሸ? የባሰ እንዳታበላሹት

ባለፈው ክረምት አንዲት ነጭ ቮልስ ሠራሁ። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ኪት (ተገጣጥሞ የሚቀባ የፕላስቲክ ሞዴል) ናት፤ ሚዛኗ 1:24፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና በ24 እጥፍ ያነሰች፣ ርዝመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቀለሙ አማረልኝ። ከቀለሙ በላይ የሚነፋውን ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን፣ ማለትም ክሊሩን፣ ነፍቼ ሳልጨርስ አንዲት የድመት ፀጉር መጥታ የፊት ኮፈኑ ላይ አረፈች (ቮልስ ላይ እንኳ ሻንጣ ነው)። በጥፍሬ ላነሳት ሞከርኩ። ፀጉሯ ወጣች፣ አሻራዬ ቀረ። አሻራውን ላጠፋ ስል ደግሞ ከሥር ያለውን ቀለም ላጥኩት። ከዚያ ወዲህ የተማርኳቸው እነዚህ ናቸው።

እርጥብ ክሊር መንካት

ክሊሩ ሳይደርቅ የወደቀ ነገር እዚያው ይቆይ። ቀለሙ ፈስሶ ቢያነባም እንደዚያው ነው። አትጥረጉት፣ እፍ አትበሉት። ካርቶን ክደኑበትና ከክፍሉ ውጡ። አቧራም ሆነ ጠብታ ሲደርቅ ጉብታ ይሆናል፤ ጉብታ ደግሞ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውሃ በተነከረ ባለ 2000 (በጣም ደቃቅ) የብርጭቆ ወረቀት ይወርዳል። አሻራ ግን ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ለመሙላት እንደገና መንፋት ያስፈልጋል።

«ደርቋል» ብሎ መቸኮል

ላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጅ ላይ መጣበቁን ያቆማል። ውስጡ ግን ገና ነው። ቲነሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ክሊሩም አብሮ እየሳሳ ይሄዳል። ዛሬ ፖሊሽ አድርጋችሁ መስታወት ያስመሰላችሁት ከሳምንት በኋላ ጭረቱን መልሶ ያወጣል። እኔ የምለካው በአፍንጫዬ ነው። የቀለም ሽታ ካለው አልነካውም። ብዙ ጊዜ ሳምንት፣ ብርድ ከሆነ ሁለት ሳምንት።

ጉርብጥብጡን በሌላ ዙር መሸፈን

ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን «አንዴ ብደግመው ይለሰልሳል» እንላለን። አይለሰልስም። እንዲህ የሚሆነው ብናኙ ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ግማሽ ስለሚደርቅ ነው፤ ወይ ከሩቅ ነፍታችኋል፣ ወይ የስፕሬይ ጣሳው ቀዝቅዟል። በዚያው አነፋፈስ ብትደግሙት ሌላ ጉርብጥብጥ ትጨምራላችሁ። መጀመሪያ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል። ከዚያ ካስፈለገ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ንፉ። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይረዳል። ምድጃ አጠገብ ግን በጭራሽ።

«ትንሽ ናት፣ አትታይም» የሚል ካለ ሒሳቡን ይሥራ። ሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ጉብታ እውነተኛው ቮልስ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። እንዲህ ያለ መኪና ከጋራዥ ማን ይረከባል?

ጠርዝ ላይ መፈተግ

የኔ ዋና ጠላት ይሄ ነው። እርጥብ ክሊር ከጠርዝ ስለሚሸሽ እዚያ ስስ ይሆናል። ስትፈትጉ ደግሞ የእጃችሁ ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ነው። ሁለት ጊዜ ስታሻሹት ፕላስቲኩ ብቅ ይላል። የበር መስመሮችን፣ የኮፈን ዳርና የጎማ መሸፈኛዎቹን ጫፍ በቀጭን የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። መሀሉን ጨርሳችሁ ፕላስተሩን ካነሳችሁ በኋላ ጠርዙን በፖሊሽ ብቻ ነካ ነካ አድርጉት።

ውሃውንም እዩት። ነጭ ከሆነ እየተላጠ ያለው ክሊሩ ነው። ቀለም ከቀላቀለ ወዲያው አቁሙ። ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ብሠራ ኖሮ ይህ ምልክት ያድነኝ ነበር። ነጭ ቮልስ ላይ ግን ሁለቱም ነጭ ናቸው! ስለዚህ ነጭ መኪና ላይ በየአምስት ምቱ ጠረግ አድርጋችሁ በመብራት ተመልከቱ።

ዝናብ እየዘነበ መንፋት

ሐምሌ ላይ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ቲነሩ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ይቋጠርበታል፣ ክሊሩ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። ይህን በብርጭቆ ወረቀት አትታገሉት። ደረቅና ሞቅ ያለ ቀን ጠብቃችሁ አንድ ስስ ዙር ብትነፉበት ብዙ ጊዜ ይጠራል።

የጋራዥ ክሊር በአንዴ ማልበስ

የቀለም ስፕሬይ በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም። ኪቱን ይዞላችሁ የሚመጣ ዘመድ ቀለሙን አያመጣም ማለት ነው። ታዲያ የመኪና ክሊር ገዝቶ መጠቀም ይመጣል። ይሠራል፤ ግን ቲነሩ ለቆርቆሮ የታሰበ ስለሆነ ፕላስቲኩን ሊያቃጥልና ዲካሉን (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ምልክትና ጽሑፍ) ሊያኮማትር ይችላል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዙር ብናኝ ብቻ አስነኩት፤ በየመሀሉ ይድረቅ። እርጥቡ ዙር መጨረሻ ነው። በማይፈለግ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሳትሞክሩም አትጀምሩ።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፤ ተራ የአፍ ማስክ አይከላከለውም። ተገቢው የመተንፈሻ መከላከያ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

የኔ ቮልስ ኮፈኗ ሁለተኛ ተቀብቷል። ሦስተኛ ሳምንቷን ካርቶን ሥር ይዛለች፤ ትናንት ሳሸታት ትንሽ ይቀራታል። ድመቷ በረንዳ ላይ ናት።