ስንት ጊዜ ተጠቅሷል? የምርምር ሥራን በሳይቴሽን እንዴት እንደሚለኩ

ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ መምህር፣ አማካሪ የሚያማርጥ የማስተርስ ተማሪ፣ ስለ ጣና ሐይቅ ማን ምን እንዳጠና የሚያፈላልግ የፕሮጀክት ሠራተኛ፣ ሦስቱም ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ፦ የዚህ ሰው ሥራ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ ተጠቅሷል፣ ማለትም ስንት ሳይቴሽን አለው? የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነውን ጉግል ስኮላርን ከፍቶ ቁጥሩን ማየት የደቂቃ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ በእርግጥ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተለቀመና ምን እንደሚነግረን ማጣራት ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሳይቴሽን መቁጠር ሲጀመር ለማዕረግ ዕድገት አልተፈጠረም። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 የሳይንስ ጽሑፎችን በዋቢዎቻቸው አማካይነት ማያያዝ እንደሚቻል ጽፎ ነበር፤ የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ የተባለውም ማውጫ በ1964 ወጣ። ዓላማው አንባቢ የሚፈልገውን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኝ ነው። ሰውን ከሰው ማወዳደሪያ የሆነው እያደር ነው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ፣ የሚቆጥሩት ምን እንደሆነ ይወስኑ

አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጆርናል ወይስ አንድ ተቋም? አራቱም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ የአንዱን ለሌላው መጠቀም አይሠራም። እዚህ በአብዛኛው የምንቆጥረው የአንድ ሰው ሥራ ነው።

ስሙን ያጣሩ

እኛ አገር ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የፈረንጅ ዳታቤዝ የሰው ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል፤ እኛ ዘንድ ያ ቃል የአባት ስም ነው። ታደሰ መኮንን የሚባል መምህር ቢኖር፣ ዳታቤዙ የሚያውቀው «መኮንን ቲ.» ብሎ ነው። ተስፋዬ መኮንንም «መኮንን ቲ.» ነው፤ ትዕግሥት መኮንንም እንደዚያው። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ሳይቴሽን ለሌላው ይደመራል። ተገላቢጦሹም አለ፦ አንዳንድ ጆርናል ስሙን ገልብጦ «ታደሰ ኤም.» ብሎ ያትመዋል፣ ያኔ አንዱ መምህር ለሁለት ይከፈላል።

በላዩ ላይ የፊደል አጻጻፍ አለ። መኮንንን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ አንዱ መካከል ላይ ሁለት «ኤን» ይጽፋል፣ ሌላው አንድ። በ«ጸ» የሚጀምር ስም አንዴ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ አንዴ በ«ኤስ» ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ይዘው ሰውየው ስሙን የጻፈባቸውን መንገዶች ሁሉ ይዘርዝሩ። የሚቆጥሩት የራስዎን ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ይዘው አይልቀቁ፤ የኦርኪድ ቁጥርም ያውጡ። ኦርኪድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው። ስም ቢመሳሰልም እሱ አይመሳሰልም።

የተቋም ስምም ያው ነው። «ባሕር ዳር» በእንግሊዝኛ አንዳንዱ ዘንድ አንድ ቃል ነው፣ አንዳንዱ ዘንድ ሁለት። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2000 ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ፣ ማለትም ዛሬም ከተማው ፖሊ እና ፔዳ የሚላቸው፣ ተዋህደው የተመሠረተ ስለሆነ ከዚያ በፊት የወጡ ጽሑፎች አድራሻቸው ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ጠቅላላ ሳይቴሽን የሚቆጥር ሰው ይህን ካላሰበ የድሮዎቹን መምህራን ሥራ ሜዳ ላይ ይጥላል።

ከየት እንደሚቆጥሩ ይምረጡ

ሦስቱ ዋና ምንጮች ጉግል ስኮላር፣ እንዲሁም ስኮፐስ እና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት የሳይቴሽን ዳታቤዞች ናቸው። ስኮላር ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጉባኤ ጥራዝ፣ መጽሐፍ፣ ገና ያልታተመ ረቂቅ። ስለዚህ ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጣል። ሌሎቹ ሁለቱ መርጠው የተቀበሏቸውን ጆርናሎች ነው በዋናነት የሚቆጥሩት። አንድ ሰው በሦስቱ ሦስት የተለያየ ቁጥር ቢኖረው የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ስለ ግብርና፣ ስለ ትምህርት ወይም ስለ ዓሣ ሀብት የሚጻፍ ብዙ የአገር ውስጥ ሥራ በኢትዮጵያ ጆርናሎች ይወጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያገኟቸዋል፤ በስኮፐስ ግን ብዙዎቹ የሉም። በአማርኛ የተጻፈውማ ጨርሶ ላይቆጠር ይችላል። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ስኮላርን ዋና፣ ስኮፐስን ማመሳከሪያ አድርጌ ብይዝ ይሻላል ባይ ነኝ። የአንዱን ሰው ከስኮላር፣ የተወዳዳሪውን ከስኮፐስ ወስዶ ማነጻጸር ግን ግፍ ነው።

ዝርዝሩን ያውጡና ያጽዱ

ሰውየው የስኮላር ፕሮፋይል ካለው እሱን ይክፈቱ፤ ከሌለው በላቀ ፍለጋው የደራሲ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱን የስም አጻጻፍ እያስገቡ ይፈልጉ። በግቢ ኢንተርኔት የሚሠሩ ከሆነ ትዕግሥት ይያዙ፦ ብዙ ሰው በአንድ አድራሻ ሲፈልግ ስኮላር ይጠረጥርና «ሮቦት አይደለሁም» የሚለውን ሥዕል ያመጣል፣ አንዳንዴም ደጋግሞ። ያገኙትን እየጻፉ ይሂዱ፣ መብራት ከሄደ በኋላ ከዜሮ እንዳይጀምሩ።

ኤክሴል ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ርዕስ፣ ዓመት፣ ጆርናል፣ የደራሲዎች ብዛት፣ የተጠቀሰበት ብዛት። ከዚያ በየመስመሩ ይሂዱ። ረቂቁና የታተመው ቅጂ ለየብቻ ከተቀመጡ ያዋህዷቸው። የእሱ ያልሆነውን ይሰርዙ፤ የዓሣ ባለሙያ ዝርዝር ውስጥ የጥርስ ሕክምና ጽሑፍ ካዩ የሞክሼ ነው። ስኮላር አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር ከተፈቀደለት የሰው ሥራ እያመጣ ስለሚለጥፍ፣ የራስዎ ፕሮፋይል ከሆነ መጀመሪያ እንዲያስፈቅድዎ አድርገው ያስተካክሉት። ዓመቱንም ይመልከቱ፦ በእኛ አቆጣጠር 2012 የተባለ የመመረቂያ ጽሑፍ በፈረንጅ 2019 ወይም 2020 ነው። ሳያስተካክሉ ካስገቡት የሰባት ስምንት ዓመት ትርፍ ዕድሜ ሰጡት ማለት ነው።

ሰውን ትተው አንድ ርዕሰ ጉዳይ ከሆነ የሚከታተሉት፣ የሳይንስ ስሞች እንደሚቀያየሩ አይርሱ። የጣና ነጭ ዓሣዎች በቀደሙት ጽሑፎች ባርበስ፣ በኋለኞቹ ላቤኦባርበስ በሚል ወገን ስም ናቸው። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭም አይኮርኒያ ሲባል ቆይቶ አሁን ፖንቴደሪያ የሚሉት በርክተዋል። በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ግማሹን ሥነ ጽሑፍ አላየም።

ይቁጠሩ

እስቲ ለምሳሌ ያህል ዘጠኝ ጽሑፍ ያለው አንድ የዓሣ ተመራማሪ እንውሰድ። ከብዙ ወደ ጥቂት ሲደረደሩ የተጠቀሱት እንዲህ ነው እንበል፦ 41፣ 22፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1፣ 0። ድምሩ 102 ነው። ለዘጠኝ ሲካፈል አማካዩ 11 ከምናምን ይሆናል፤ ነገር ግን ከዘጠኙ ስድስቱ 11 አልደረሱም። አማካዩን ወደ ላይ የሳበው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። መካከል ላይ ያለው ቁጥር፣ አምስተኛው፣ 6 ነው። ይህ ለእውነታው ይቀርባል።

የጽሑፎችን ብዛትና የተጠቀሱበትን ብዛት በአንድ ቁጥር የሚያጣምረውን ኤች ኢንዴክስን የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3 እያሉ ተራ ቁጥር ይስጡ፤ የተጠቀሰበት ብዛት ከተራ ቁጥሩ እስከማያንስ ድረስ ይውረዱ። አምስተኛው ጽሑፍ 6 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ያልፋል። ስድስተኛው የተጠቀሰው 5 ጊዜ ነው፤ ይወድቃል። ስለዚህ ኤች ኢንዴክሱ 5 ነው። ስኮላር የሚያሳየው አይ 10 ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ጊዜ የተጠቀሱትን ጽሑፎች ብቻ ይቆጥራል፤ እዚህ 3 ይሆናል።

ኤች ኢንዴክስ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሰውየው ምርምር አቁሞ ንግድ ቢገባ እንኳ ሊያድግለት ይችላል። ስለዚህ የሃያ ዓመት አንጋፋንና ሦስተኛ ዲግሪውን ትናንት የጨረሰን ወጣት በእሱ ማወዳደር አይገባም። የሙያ መስክም ይለያያል፦ በሕክምና በርካታ ዋቢ መደርደር የተለመደ ነው፣ በሒሳብ ጥቂት ነው። አምባዛንና ቀረሶን ባንድ ዋጋ የሚሸጥ ዓሣ ነጋዴ የለም። ከቻሉ በስኮፐስ በመስክ የተመዘነውን መለኪያ ይዩ፤ እሱ ጽሑፉን በዚያው መስክ፣ በዚያው ዓመትና በዚያው ዓይነት ከወጡት ጋር ያነጻጽራል። 1 ማለት የዓለም አማካይ ነው።

ደራሲዎቹን ይቁጠሩ

አራተኛውን ዓምድ ያስያዝኩት ለዚህ ነው። ግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ በሚባለው ዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት አንዳንዱ ጽሑፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች አሉት፤ ከየዩኒቨርሲቲው የተውጣጡ በርካታ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ከእነዚህ ጽሑፎች አንዱ ብቻ በሺዎች ሊጠቀስ ይችላል። መሳተፉ የሚያስመሰግን ነው፤ ጥያቄው ግን ለብቻው ወይም ከሁለት ባልደረባ ጋር ዓመት ሙሉ ሐይቅ ላይ መረብ ሲያወርድ የከረመውን ተመራማሪ ከእሱ አጠገብ አስቀምጦ በድምር ማወዳደር ነው። መፍትሔው ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፦ አንዴ ሁሉንም፣ አንዴ እጅግ ብዙ ደራሲ ያላቸውን አውጥቶ። ወይም የእያንዳንዱን ጽሑፍ ሳይቴሽን ለደራሲዎቹ ብዛት አካፍሎ መደመር። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ጥሩ፤ ሰማይና ምድር ከሆኑ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።

የጠቀሱትን ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ጊዜ ካጠረ ሌላው ይቅር እንጂ ይህ አይቅር እላለሁ። ከርዕሱ ሥር ያለውን የተጠቀሰበትን ቁጥር ሲጫኑ የጠቀሱት ጽሑፎች ይዘረዘራሉ። አሥሩን ብቻ ይክፈቱ። በእያንዳንዱ ውስጥ ስሙን ፈልገው ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡ። ዘዴውን ወስደው ተጠቅመውበታል? ውጤቱን ፈትሸው አረጋግጠዋል? ወይስ መግቢያው ላይ ከሌሎች ስድስት ስሞች ጋር በአንድ ቅንፍ ታጭቆ አለፈ? ሊያፈርሱት የጠቀሱትም ይኖራሉ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የሕክምና ጆርናሉ የላንሴት ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ እጅግ ብዙ ጊዜም ተጠቅሷል፣ ብዙዎቹ የጠቀሱት ግን ስህተቱን ለማሳየት ነው።

ራሱን የጠቀሰበትንም ይለዩ። የቀደመ ሥራን መጥቀስ ነውር አይደለም፤ ከጠቀሱት ግማሹ ራሱና የሥራ ባልደረቦቹ ከሆኑ ግን ለይተው ይጻፉት። ሌላም አለ፦ እምቦጭን ለማስወገድ ለገበሬ የተጻፈ መመሪያ፣ ወይም ዓሣ በሚራባበት ወር ማጥመድ እንዲከለከል ያገዘ ጥናት ሳይቴሽን ላያገኝ ይችላል። እሱን የሚያገኙት ከቢሮ ሰነድ ነው፤ ካለ አብረው ያያይዙት።

ጆርናሉን ለብቻው ያጣሩ

ኢምፓክት ፋክተር የጆርናል መለኪያ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት 50 ጽሑፍ ያወጣ ጆርናል፣ እነዚያ ጽሑፎች ዘንድሮ 100 ጊዜ ቢጠቀሱ 2 ይሆናል። ከ50ዎቹ ጥቂቱ ብቻ መቶውን ሊያመጡት ስለሚችሉ፣ እዚያ ያሳተመ ሰው ሁሉ «2 ነኝ» ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተረቀቀው ዶራ የተባለው መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ግለሰብን በጆርናሉ ቁጥር አትመዝኑ።

ጆርናሉ እውነተኛ መሆኑን ግን ማጣራት ያስፈልጋል። «በሦስት ቀን እናትምልዎታለን፣ ገንዘቡን ይላኩ» የሚል ኢሜይል ያልደረሰው መምህር ያለ አይመስለኝም። በድረ ገጹ ላይ የለጠፈውን ቁጥር አይመኑ። በስኮፐስ የምንጮች ዝርዝርና በዌብ ኦፍ ሳይንስ የጆርናሎች ዋና ዝርዝር በነፃ ስለሚፈለግ፣ ስሙን ትተው የጆርናሉን መለያ ቁጥር (አይኤስኤስኤን) አስገብተው ይፈልጉ፤ የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው የሚያትሙ አሉና።

ውጤቱን ሲጽፉ

ባዶ ቁጥር አይጻፉ። እንዲህ ይበሉ፦ «ከጉግል ስኮላር፣ ስሙ በሦስት አጻጻፍ ተፈልጎ፣ 9 ጽሑፍ፣ 102 ሳይቴሽን፣ ከእነዚህ 14ቱ ራሱን የጠቀሰባቸው፣ ኤች ኢንዴክስ 5።» ከሥሩ የቆጠሩበትን ቀን ያስቀምጡ፤ ማመልከቻው የገባበትን ቀን አይደለም። ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ ገጹን በዚያው ቀን ፒዲኤፍ አድርገው ከኤክሴሉ ጋር ያቆዩት። ኮሚቴው ከሁለት ወር በኋላ ከፍቶ 105 ቢያገኝ የሚያሳዩት ይኖርዎታል።