ጎንደር ላይ ካቶሊክ ሆነን የምንሠራቸው ስህተቶች

ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመን ስንጨዋወት ተመላልሰው የሚመጡ ስህተቶች አሉ። ላንሳቸው። «አባ ዛሬም ተቆጡ» እንዳትሉኝ ብቻ።

አንደኛው የሰው ኃጢአት መናዘዝ ነው። የማንንም ምስጢር አላወጣም፣ ማውጣትም አልችልም፤ ግን የፈለጋችሁትን ካህን ጠይቁ፣ ይስቃል። «አባ፣ ተቆጥቻለሁ» ተብሎ ይጀመራል። ጥሩ። ከዚያ ምክንያቱ ይከተላል፤ አማት ምን እንዳሉ፣ ባል ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ጎረቤት የዝናቡን ውሃ ወደ ማን ግቢ እንደለቀቀ፣ እያለ እያለ ሲያልቅ ኃጢአተኛው ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። አማታችሁ የራሳቸውን ራሳቸው ይናዘዙ። እናንተ ያደረጋችሁትን፣ ማድረግ ሲገባችሁም የተዋችሁትን ተናገሩ። ከባድ ኃጢአት ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሆነም በምታስታውሱት ልክ ይነገራል፤ «አልፎ አልፎ» አትበሉ። ደግሞ የወሰዱትን ለመመለስ ሳይቆርጡ ንስሐ የለም። የቤት ሠራተኛዋን የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ፣ ተናዝዞ፣ «አባታችን ሆይ»ን ደግሞ ወደ ቤት መግባት አይሆንም። ብሯን ስጧት።

ሁለተኛው በአፄ ሱስንዮስ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ ነው። የፋሲል ግንብ ጥላ ሥር እየኖርን ይሄ ወሬ መነሳቱ አይቀርም። አንዳንዱ ምእመናችን ታዲያ የኢየሱሳውያን፣ ያኔ ወደ አገራችን የመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ጠበቃ ሆኖ ይነሳል። ማን ቀጠራችሁ? ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነቱን አወጀ። ያግባባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ የአገሩን ቋንቋ ያወቀ ሰው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱም እንደገና ክህነት ይቀበል አለ። አገር ታመሰ፣ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። «አዎ፣ ያኔ በደል ተፈጽሟል» ማለት ከእምነታችሁ ምንም አይቀንስም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እንኳ በ2000 እ.ኤ.አ. በእውነት ስም ስለተፈጸመ ግፍ በአደባባይ ይቅርታ ለምነዋል።

«ካቶሊክ የፈረንጅ ነው» ሲባል ግን ዝም አትበሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ጎጃም ተወልደው ጎንደር የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። በ1844 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1855 በእስር እንዳሉ አረፉ። እኛም የምንቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው።

ጾም ላይ ብዙ አልልም። በጋራ ግቢ እየኖሩ፣ ጎረቤት ሁሉ በሽሮ ላይ እያለ፣ «የእኛ ሕግ ይፈቅዳል» ብሎ ሥጋ መጥበስ ነውር ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ አልበላም ብሎ የጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ቀብር ደርሶ፣ ሥርዓቱ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ከበር የሚመለስም አለ። ግቡ እንጂ! ለሟች መጸለይ ማን ከለከላችሁ? ቁርባን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እነሱ ሌላውን አያቆርቡም፣ ሥርዓታቸውን አክብሩ። የዕድር መዋጮ በሰው ልኮ ድንኳን አለመታየትም ያው ነው።

የመጨረሻው ስለት። «ልጄ ማትሪክ ካለፈ ምንጣፍ አገባለሁ» ይባላል። ልጁ ሲወድቅ እናቱም ትቀራለች፣ ምንጣፉም ይቀራል፤ ኩርፊያው ከእግዜር ጋር ነው። ምንጣፍ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፣ የእኛው አርጅቷል። ልጁ ቢወድቅም አምጡት።