ለንግድ ቤት ብድር የሚያመቻች ባለሙያ እንዴት ይመረጣል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ጂ ፕላስ 2 ለመጨረስ፣ ቡሬ ላይ መጋዘን ለመግዛት ብድር ሲያስቡ ቀድሞ የሚደውለው «ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ደላላ ነው። እሱን ይለፉት። የባንኩ የብድር ጣሪያ ከሞላ የውስጥ ሰውም አያስለቅቅም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ፣ ኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደረገው ለሁሉም ነው።

መጀመሪያ ራስዎ ንግድ ባንክ፣ አባይ፣ ጸደይ ገብተው የብድር ኦፊሰሩን የሚፈለጉትን ሰነዶች ዝርዝር ይጠይቁ፤ ይህ በነጻ ነው። የሰው እጅ የሚያስፈልግዎ ዝርዝሩ ላይ እርስዎ የማይችሉት ሲኖር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሂሳብ መግለጫና የአዋጭነት ጥናት።

ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎችን ያነጋግሩ። የካርታውን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ምን እንደሚጠይቁ ያዳምጡ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው «ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ?» ብሎ ይጀምራል። ሊዝ ከሆነ እስካሁን ስንት እንደከፈሉ ይጠይቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መብት በዋስትና የሚያዘው በተከፈለው መጠን ልክ ነውና። ቀጥሎ ቦታው የተሰጠው ለንግድ ነው ለመኖሪያ፣ ዕዳና እገዳ አለበት ወይ፣ ባለቤትዎ ይፈርማሉ ወይ ይላል። ፋይል ተጉዞ ተጉዞ የሚመለሰው በእነዚህ ነው። «ስንት ሚሊዮን ላውጣልዎ?» ብሎ የጀመረ ግን ካርታውን አላነበበም።

ሁለተኛው ፈተና ስሌት ነው። «3,000,000 ብር፣ 18 በመቶ፣ 5 ዓመት፤ በወር ስንት እከፍላለሁ?» ይበሉት። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ 76,180 ብር ገደማ ነው፤ ጠቅላላ ወለዱም 1,570,000 አካባቢ። በመነሻው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው ከታሰበ ግን ወርሃዊው 95,000፣ ወለዱ 2,700,000 ይሆናል። ልዩነቱን በወረቀት አስልቶ የማያሳይ ሰው የብድር ውልዎን ሊያነብልዎ አይችልም።

የአመቻቹ ኮሚሽን በተጠየቀው ሳይሆን በተለቀቀው ብር ላይ ይታሰብ። 3,000,000 ጠይቀው የባንኩ መሐንዲስ ግምት ዝቅ ብሎ 1,800,000 ቢፈቀድ፣ ኮሚሽኑ 2 በመቶ ከሆነ የሚከፍሉት 36,000 ነው እንጂ 60,000 አይደለም። ይህን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ የጥናትና የሂሳብ ሥራ ክፍያ ለብቻው ይጻፍ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ።

«ገቢዎን ከፍ አድርጌ ልጻፍልዎ» የሚለውን ወዲያው ይተዉት። ባንኩ መግለጫውን ለገቢዎች ካሳወቁት ግብር ጋር ያስተያያል። ቢያልፍ ደግሞ የከፋ ነው፤ ሱቁ የማያስገባውን ክፍያ በየወሩ ይሸከማሉ። ሲያቅትዎ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በጨረታ ይሸጠዋል።

ኦሪጅናሉን ካርታ ለአመቻቹ አይስጡ፤ ከባንኩ ጋር ውል ሲፈርሙ ራስዎ ያስረክቡት። የማይንቀሳቀስ ንብረት በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «ለመመላለስ እንዲቀለኝ» ብሎ ውክልና ሲያስረቅቅ «ለመሸጥ» እና «ለማስያዝ» የሚሉት ቃላት ይኖሩበት እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ቃል በቃል ያንብቡት። ካሉበት ያሰርዟቸው።