በባስክኛ ረዳት ግስ ላይ የስፓኒሽን ተጽዕኖ እንዴት መለየት ይቻላል?

በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር አካባቢ በሚነገረው በባስክኛ ማን፣ ማንን፣ ለማን የሚለውን የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ረዳት ግሱ ነው። በመደበኛው ባስክኛ «አየሁህ» «ኢኩሲ ሳይቱት»፣ «ሰጠሁህ» ደግሞ «ኤማን ዲሱት» ነው። በስፔን በኩል ባሉት በጊፑስኮአ «ኢኩሲ ዲሱት»፣ በቢስካያ ደግሞ አቻውን «ኢኩሲ ዶጹት» የሚሉ ግን ብዙ ናቸው፤ የታየው ሰው የተቀባይን (የ«ለማን»ን) ቅርጽ ይዟል። አማርኛ «አየኝ»ንም «ሰጠኝ»ንም በአንድ «ኝ» ስለሚጨርስ ልዩነቱ ከጆሯችን በቀላሉ ያመልጣል። ለውጡን ከስፓኒሽ ጋር የሚያያይዙት ምክንያት አላቸው፦ ስፓኒሽ ከሰው ተሳቢ በፊት «አ» ያስገባል፤ የአካባቢው ስፓኒሽ ደግሞ ወንዱንም ሴቷንም «ሌ» በሚለው የተቀባይ ተውላጠ ስም ይጠራል።

ለምርመራ «ኢኩሲ» (ማየት) እና «ኤሳጉቱ» (ማወቅ) ይበቃሉ። «ላጉንዱ» (መርዳት)፣ «ዴይቱ» (መጥራት) እና «ቤጊራቱ» (መመልከት) አይሆኑም፤ በምዕራቡ ዘዬ ከመጀመሪያውም ተቀባይ ይወስዳሉና ውጤቱን ያበላሻሉ።

ለእያንዳንዱ ግስ አራት ተሳቢ ይሞክሩ፦ እኔን፣ አንተን፣ ሌላ ሰው፣ ዕቃ። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበረታል። በሦስተኛው ስሙንም ይመልከቱ፦ «ሚሬን ኢኩሲ ዱት» ወደ «ሚሬኒ ኢኩሲ ዲዮት» ሲዞር ስሙ «ኢ» ይጨምራል። ዕቃው ማመሳከሪያ ነው፤ «ሊቡሩአ ኢኩሲ ዱት» (መጽሐፉን አየሁ) ሳይለወጥ መቅረት አለበት። ከተለወጠ መጀመሪያ ጥያቄዎን ይፈትሹ።

ቢስካያ ውስጥ «ዲሱት»ን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እዚያ «ዶጹት» (እኔ ለአንተ)፣ «ዶስት» (እሱ ለእኔ)፣ «ዶጻት» (እኔ ለእሱ) ነው የሚባለው።

ብዙውን ሥራ የሚያበላሸው አጠያየቁ ነው። ከ1968 ወዲህ የተስፋፋውን መደበኛ ባስክኛ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው «ትክክሉ የቱ ነው?» ሲባል የመጽሐፉን ቅርጽ ይመልሳል። የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ «ተርጉምልኝ» ማለትም መልሱን ወደ ስፓኒሽ ይጎትታል። ይልቁንም ሥዕል አሳይቶ በባስክኛ ማስተረክ፣ ወይም ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲጫወቱ መቅዳት ይሻላል።

በፈረንሳይ በኩል ላፑርዲ ውስጥ «ሰጠኝ» ለማለት «ኤማን ዲት» ሳይሆን «ኤማን ናው» ሊሰሙ ይችላሉ። ይህ ተቃራኒው ነው፤ ተቀባዩ የቀጥተኛ ተሳቢን ቅርጽ ይዟል። የስፓኒሹ «አ» ሊያስረዳው ስለማይችል ከላይኛው ጋር ደምረው አይቁጠሩት፤ የራሱ ሰንጠረዥ ይኑረው።