ከዓመት በላይ የሆነን ልጅ የሌሊት ጡት እንዴት ማስጣል ይቻላል?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እየኖረች መሀል ከተማ የምትሠራ እናት ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ የምትመለሰው ከመሸ ነው። ልጇ ቀኑን ሙሉ ጡት ሳያገኝ ስለሚውል ሌሊት እየተነሳ ያካክሳል። ቅብጠት አይደለም፤ የቀኑን ሒሳብ እያወራረደ ነው። ስለዚህ የሌሊቱን ጡት የማስጣል ሥራ የሚጀመረው ከምሽቱ ነው።

ልጁ ዓመት ካልሞላው ግን ቆዪ። ዓመት ያለፈው፣ ጤነኛ፣ ክብደቱ የሚጨምርና ምግብ የሚበላ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት የሚነሳው ርቦት አይደለም። ሁላችንም ሌሊት እንባንናለን፤ ትልቅ ሰው ተገላብጦ ይተኛል፣ ጡት አፉ ውስጥ እያለ ማንቀላፋት የለመደ ልጅ ደግሞ ያንኑ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ማጥባት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል፤ የቀኑን አትንኪው። የሌሊቱም ካላስቸገረሽ ለጎረቤት ወሬ ብለሽ አትጀምሪ።

መጀመሪያ፣ ከሥራ እንደገባሽ ድስት ከመጣድሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አጥቢው። ስልኩን አርቂ፤ ራሱ ጡቱን እስኪለቅ ጠብቂ። ወጡ ቢዘገይ የሚጎዳ የለም፤ ይህች ሰዓት ከተዘለለች ግን ሌሊት ትጠየቂባታለሽ። ከዚያ ጠንከር ያለ እራት ይብላ፦ ቅቤ የገባበት የምጥን ገንፎ፣ የሽሮ ፍትፍት፣ እንቁላል ከድንች ጋር። ቀጭን አጥሚት ብቻውን እራት አይሆንም።

ቀጥሎ ጡትንና እንቅልፍን ለያዪ። የመጨረሻውን ጡት መብራት በርቶ፣ ከአልጋ ውጪ ስጪው፤ ጥርሱን አጽጂለትና አስተኚው። እሹሩሩ በይው፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጊለት። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ልብሱን ረግጦ የሚጥል ልጅ በርዶት ሊነሳ ይችላልና ወፍራም ፒጃማና ካልሲ አልብሺው።

ይህ ሲለመድ ወደ ሌሊቱ እለፊ። ልጁ ያልታመመበትን፣ አዲስ ሞግዚት ያልገባችበትን ሳምንት ምረጪ፤ ዓርብ ማታ ቢጀመር ይሻላል። ጡት የማይሰጥበትን ሰዓት ወስኚ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት። ቀን ላይ ደጋግመሽ ንገሪው፦ «ጡት ማታ ይተኛል፣ ሲነጋ ይነሳል።» ከምታስቢው በላይ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለአጭር ጊዜ አጥቢውና ሳያንቀላፋ አውጪ፤ ቀጥሎ ማቀፍ ብቻ፤ ከዚያ ከጎኑ ሆነሽ መዳሰስ። በኩባያ ውኃ ይቀመጥ። አባት ካለ ሌሊቱን እሱ ይያዝ፤ የእናት ጠረን ሲርቅ የልጁ ጥያቄም ይቀንሳል። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ አባት መሀል ይተኛ፣ አንቺም ደረቱ የተዘጋ ልብስ ልበሺ። ማልቀሱ አይቀርም፤ ታቅፎ ይልቀስ እንጂ ብቻውን አይተው። የብሎኬት ግድግዳ ድምፅ አይከለክልምና ለጎረቤት ቡና ላይ ቀድመሽ ብትነግሪ መሳቀቁ ይቀርልሻል።

እሬት ወይም በርበሬ ጡት ላይ መቀባት የሚመክሩሽ አይጠፉም። በርበሬ የልጁን አፍና ዓይን ያቃጥላል፤ እሬትም ቢሆን ቀን የሚጠባውን ጡት ጭምር ያስጠላዋል። እኔ አልስማማም።

ጡትሽ ሲወጠር እስኪቀልሽ ብቻ እለቢው፤ ብዙ ከታለበ ወተቱ አይቀንስም። ከቀላ፣ ካመመና ትኩሳት ካመጣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ልጁ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ሁሉንም አቁመሽ ሌሊትም ቀንም አጥቢው፤ ሲሻለው ከአባቱ ጎን እንደገና ይጀመራል።