ከሰራተኛ ጋር የ30 ደቂቃ የኮቺንግ ውይይት እንዴት እንደሚካሄድ

ኮቺንግ ማለት ኃላፊው መልሱን ከመስጠት ይልቅ ሰራተኛዋ ራሷ እንድታገኘው በጥያቄና በድጋፍ መምራቱ ነው። ከመቀመጥዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ ሰራተኛዋ የጎደላት እውቀት ነው ወይስ ድፍረት? ስራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደምትሰራው በቃል ታስረዳዎት። መሃል ላይ ከተደናቀፈች እውቀት ይጎድላታል፤ ማሳየትና ማለማመድ ያስፈልጋል። አጥርታ ከተናገረች ግን ትችላለች፤ የሚያስፈልጋት የሚያዳምጣት፣ የሚያበረታታትና እንቅፋት የሚያነሳላት ሰው ነው። ለምትችል ሰው ስራዋን መልሶ ማስረዳት ንቀት ይሆንባታል፤ ለማታውቅ ደግሞ «አይዞሽ» ብቻውን ምንም አያስተምራትም። የአመራር ተመራማሪው ሮበርት ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው የአመራር ንድፈ ሐሳብም ደጋፊ አመራር፣ ማለትም ለሰራተኛው ስሜትና ፍላጎት የሚያስብ አመራር፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ስራው አሰልቺ ወይም አስጨናቂ ሲሆን ነው። ስራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ግን «አንቺ ምን ይመስልሻል?» እያሉ አያስጨንቋት፤ የሚደረገውን በግልጽ ይንገሯት።

ቀኑንና ሰዓቱን ቋሚ ያድርጉ። ለአዲስ ሰራተኛ በየሳምንቱ፣ ለነባር በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ስልክዎን ያጥፉ።

ከሁሉም የሚከብደው ጠይቆ ዝም ማለት ነው። ሰራተኛዋ ላፕቶፗን ይዛ ትመጣለች፦ «የወሩ ሪፖርት ድምር ከሂሳብ ክፍል ጋር አልገጠመም፤ ምን ላድርግ?» እርስዎ ስህተቱ ገና ሲያዩት ታይቶዎታል፤ እጅዎ ወደ ማውሱ ይሄዳል። እዚህ ላይ ይያዙት። በሁለት ደቂቃ ቢያስተካክሉላት በሚቀጥለው ወር ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች። ይልቅ «እስካሁን የትኞቹን መዝገቦች አየሽ? ልዩነቱ የጀመረው ከየትኛው ሳምንት ነው?» ይበሏትና በልብዎ እስከ አስር ይቁጠሩ። ብዙ ኃላፊ አምስት ሳይደርስ መልሱ ከአፉ ያመልጠዋል። ዝምታው ለእርስዎ ረጅም ነው፤ ለእሷ ግን የምታስብበት ጊዜ ነው።

የጥያቄው አነጋገርም ይለያያል። «ለምን ዘገየሽ?» ሰበብ ያስደረድራል፤ «የቱ ጋ ያዘሽ?» ግን ችግሩን ያወጣል። «እንዲህ ብታደርጊው አይሻልም?» የሚለው ደግሞ ጥያቄ የለበሰ ትእዛዝ ነው፤ ማዘዝ ካለብዎ በቀጥታ ይዘዙ። ሁለት ጊዜ ተጠይቃ አሁንም «አላውቅም» ካለች መጠየቁን ይተዉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ማመሳከር ብቻ ያሳዩዋት፤ የቀሩትን ሦስት ሳምንታት እርስዎ ባሉበት ራሷ ትስራ፣ ማውሱ ከእጇ አይውጣ።

የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለስምምነት ያስቀሩ። «እሺ» ስምምነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ «ልሂድ» ማለት ነው። ምን እንደምትሰራ፣ እስከ መቼ፣ ከእርስዎ ምን እንደምትፈልግ በራሷ ቃል ተናግራ ትጻፈው፤ ከሁለት ስራ አይብለጥ። የእርስዎም ድርሻ እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር፦ ለምሳሌ የሲስተም ፈቃድ ማስከፈት ወይም ሌላ ክፍል ያዘገየውን ሰነድ ማስላክ። የድጋፍ ዋናው ክብደት እዚህ ነው። ቃልዎን ካጠፉ ሁለተኛ እንቅፋቷን አትነግርዎትም።

ይህን ውይይት ከስራ አፈጻጸም ምዘና ጋር አይቀላቅሉት፤ ነጥብ እየተሰጣት ከመሰላት ስህተቷን ትደብቃለች። አደጋ ወይም የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲኖርም ቦታው አይደለም።

ቀጣዩን ቀጠሮ በዚያው ወረቀት ይጀምሩ፤ መጀመሪያ የሚነበበው የእርስዎ ድርሻ ይሁን። ከሳምንታት በኋላ «ምን ላድርግ?» ማለቷ ቀርቶ «ይህን ሞክሬ እዚህ ጋ ቆምኩ» ማለት ከጀመረች ቀጠሮውን ማራራቅ ይችላሉ።